ፕሮሰሰሩ ሥራ ሲቀያይር እንዳይውል፦ የኮንቴክስት ስዊችን ወጪ ደረጃ በደረጃ መቀነስ

ባሕር ዳር ውስጥ እሑድ እሑድ ምሳዬን የምበላው ጣና ዳር፣ ዓሣ ከሚጠበስባቸው ዳሶች በአንዱ ነው። የዳሱ ባለቤት ብቻዋን ነው የምትሠራው። የቀረሶውን ቅርፊት ትፍቃለች፣ ሆዱን ትከፍታለች፣ ጎንና ጎኑን በቢላዋ በጣ በጣ አድርጋ ጨው ትነሰንስበታለች፣ ከዚያ ወደ ጋለው ዘይት። መሀል ላይ አንዱ «እትዬ፣ ሻይ!» ይላል። ቢላዋው ይቀመጣል። እጇን በሳሙና ትታጠባለች፣ ሽታው እንዲለቅ በሎሚ ታሸዋለች፣ በፎጣ ታደርቃለች፣ ሻዩን ትቀዳለች። ተመልሳ ስትቀመጥ የትኛው ጨው እንደነካው፣ የትኛው እንዳልነካው ለማወቅ ዓሣዎቹን አንድ በአንድ ማገላበጥ ትጀምራለች። እሱን ሳትጨርስ ሌላው «ለስላሳ!» ይላል። አንድ ቀን ሰው በዝቶ ሲያጣድፏት አይቼ «እትዬ፣ ዛሬስ ዓሣው ጨረሰሽ» አልኳት። «ዓሣውማ ምን አለው ልጄ፤ የፈጀኝ መታጠቡ ነው» አለችኝ።

ሥራዬ ሰርቨር ማስተዳደር ስለሆነ አባባሏ ከጆሮዬ አልወጣም። ፕሮሰሰርንም የሚፈጀው ብዙ ጊዜ ሥራው ሳይሆን መታጠቡ ነው። የዚህ መታጠብ ስም ኮንቴክስት ስዊች ነው፤ ከዚህ በኋላ ቅይይር እለዋለሁ። ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት) አንዱን ትሬድ (ፕሮግራም ውስጥ ራሱን ችሎ የሚሄድ የሥራ መስመር) ከፕሮሰሰሩ ላይ አስነሥቶ ሌላውን በቦታው ማስቀመጡ ማለት ነው።

መመሪያው የሊነክስ ሰርቨር ለምታስተዳድሩና በላዩ ላይ የሚሄድ ፕሮግራም ለምትጽፉ ነው። የትእዛዞቹን ስም በፊደላችን ጽፌዋለሁ፤ ተርሚናል ላይ የምታስገቡት ግን በላቲን ፊደል፣ ካላልኩ በቀር በትንንሹ ሆሄ ነው።

መታጠቡ ስንት ያስከፍላል?

ቅይይር ሲደረግ ከርነሉ የተነሣውን ትሬድ ሬጂስተሮች (ፕሮሰሰሩ በእጁ ያለውን ቁጥር የሚይዝባቸው ጥቃቅን ቦታዎች) ሜሞሪ ላይ ያስቀምጣል፣ የገቢውን ይጭናል። በተለመደው 64 ቢት የኢንቴልና የኤኤምዲ ፕሮሰሰር 16 አጠቃላይ ሬጂስተሮች አሉ። ፕሮግራሙ ኤቪኤክስ-512 የሚባለውን ሰፊ ስሌት የሚጠቀም ከሆነ ደግሞ 32 ሬጂስተሮች እያንዳንዳቸው 64 ባይት ስለሆኑ 2 ኪሎባይት ይጨመራል። ገቢው ከሌላ ፕሮሰስ (በመሄድ ላይ ካለ ሌላ ፕሮግራም) ከሆነ የሜሞሪ ካርታውም ይለወጣል። የአንድ ፕሮሰስ ሁለት ትሬዶች ሲቀያየሩ ግን ካርታው ያው ስለሆነ ዋጋው ይረክሳል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ ጥቂት ማይክሮሰከንድ ይወስዳል። ትንሽ ይመስላል። በ3 ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰር ግን 1 ማይክሮሰከንድ 3,000 የፕሮሰሰር ምት ነው።

ትልቁ ወጪ ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው፤ ዓሣዎቹን እንደማገላበጥ ያለው። ለኮሩ (በፕሮሰሰሩ ውስጥ ሥራውን ለሚሠራው ክፍል) በጣም ቅርብ የሆነው ካሽ፣ ማለትም ትንሹና ፈጣኑ ሜሞሪ፣ በዳታ በኩል 32 ወይም 48 ኪሎባይት ያህል ብቻ ነው የሚይዘው። ከዚያ ማንበብ 4 ወይም 5 ምት ይፈጃል፤ ከዋናው ሜሞሪ ማንበብ ግን በመቶዎች የሚቆጠር ምት። አንዱ ትሬድ ሲነሣ ያሞቀውን ካሽ ተከታዩ በራሱ ዳታ ይሞላዋል፤ የመጀመሪያው ሲመለስ ሁሉን ነገር እንደ አዲስ ከሩቅ ያስመጣል። ይህ ወጪ በየትኛውም ዓምድ ላይ በስሙ ተጽፎ አይታይም። ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ቀርፋፋ ይሆናል።

እንግዲህ አንድ ነገር ከመነካካታችሁ በፊት ይህን ሒሳብ ሥሩ። በሰከንድ 100,000 ቅይይር አለ እንበል፤ እያንዳንዱን 2 ማይክሮሰከንድ ብንለው 0.2 ሰከንድ፣ ማለትም የአንድ ኮር አንድ አምስተኛ ነው። ሊያስጨንቅ ይገባል። በሰከንድ 5,000 ከሆነ ግን የአንድ ኮር 1 በመቶ ነው፤ ችግራችሁ ሌላ ቦታ ነውና ጊዜያችሁን እዚህ አታጥፉ።

1ኛ ደረጃ፦ የሰላሙን ቀንና የጭንቁን ሰዓት ለኩ

ተርሚናል ከፍታችሁ «ቪኤምስታት 1» በሉ። በየሰከንዱ አንድ መስመር ይጽፋል። የመጀመሪያውን መስመር ተዉት፤ ማሽኑ ከተነሣ ጀምሮ ያለው አማካይ ነው እንጂ የአሁኑን አይናገርም። ከዚያ በኋላ አምስት ዓምዶች ላይ አተኩሩ። «አር» ኮር ላይ ያሉትና ወረፋ ይዘው ኮር የሚጠብቁት ትሬዶች ብዛት ነው። «ሲኤስ» በሰከንድ የተደረገው ቅይይር ነው። «አይኤን» የኢንተራፕት (እንደ ኔትወርክ ካርድ ካሉ መሣሪያዎች የሚመጣ የማቋረጫ ጥሪ) ብዛት፣ «ኤስዋይ» ከርነሉ ራሱ የበላው የፕሮሰሰር ጊዜ በመቶኛ ነው። መጨረሻ አካባቢ ያለው «ኤስቲ» ደግሞ በተከራያችሁት ቨርቹዋል ማሽን ላይ አከራዩ የወሰደባችሁ ጊዜ ነው። ኤስቲ ከፍ ካለ ከዚህ በታች ያለው ምንም አይፈይድላችሁም። ማሽናችሁ ራሱ ከጎረቤት ማሽኖች ጋር እየተፈራረቀ ነውና ቦታ ለውጡ።

ይህን አንድ ጊዜ በጸጥታው ሰዓት፣ አንድ ጊዜ ሰው በተጨናነቀበት ሰዓት አድርጉትና ቁጥሩን ከነሰዓቱ ደብተር ላይ ጻፉ። በዚያው ሰዓት ሰርቨሩ በሰከንድ ስንት ጥያቄ እንዳስተናገደም ጻፉ፤ ይህ ቁጥር መጨረሻ ላይ ያስፈልገናል።

2ኛ ደረጃ፦ በፈቃድ ነው ወይስ በግድ?

ከመመሪያው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ። ቅይይር ሁለት ዓይነት ነው፤ የአንዱ መድኃኒት ለሌላው አይሆንም።

የፈቃድ ቅይይር ትሬዱ ራሱ «እኔ የምጠብቀው ነገር አለ፣ ኮሩን ለሌላ ስጡት» ሲል የሚደረገው ነው። ዲስክ እስኪያነብ፣ ከኔትወርክ መልስ እስኪመጣ፣ ሌላ ትሬድ የያዘው ሎክ (አንዱ ሲይዘው ሌላውን የሚያግድ ቁልፍ) እስኪለቀቅ ሊሆን ይችላል። ሴትየዋ ዘይቱ እስኪግል ሻይ ብትቀዳ እንዲህ ያለው ነው፤ ጉዳት የለውም፣ እንዲያውም ብልህነት ነው። የግድ ቅይይር ደግሞ ትሬዱ ሥራ ላይ እያለ ተራህ አልቋል ወይም ካንተ የሚቀድም መጥቷል ተብሎ ሲነሣ ነው። ቢላዋ እንደያዘች «ሻይ!» ማለት ይኸኛው ነው።

ለመለየት ሲስስታት የሚባለውን ጥቅል ጫኑና «ፒድስታት» የሚለውን ትእዛዝ ከ«ሰረዝ ደብልዩ» ጋር በየ1 ሰከንዱ አስኪዱት። «ሰረዝ ቲ» ብትጨምሩበት በፕሮሰስ ብቻ ሳይሆን በትሬድ ደረጃ ይዘረዝራል። በ«ሲ» የሚጀምረው ዓምድ የፈቃዱን፣ በ«ኤንቪ» የሚጀምረው የግዱን ይነግራችኋል። ጥቅሉን መጫን ካልቻላችሁም «ፕሮክ» በሚለው ማውጫ ሥር በፕሮሰሱ ቁጥር የተሰየመውን ማውጫ ግቡና «ስታተስ» የሚለውን ፋይል አንብቡ። መጨረሻ አካባቢ «ቮለንታሪ» እና «ኖንቮለንታሪ» ብለው የሚጀምሩት ሁለት መስመሮች የዋናው ትሬድ የፈቃድና የግድ ቅይይር ድምር ናቸው። አሥር ሰከንድ ቆይታችሁ ደግማችሁ አንብቡና ልዩነቱን ለ10 አካፍሉት።

የግዱ ከፍ ብሎ «አር» ከኮሮቻችሁ ቁጥር በላይ ከሆነ ሠራተኛ (ሥራውን የሚካፈል ፕሮሰስ ወይም ትሬድ) በዝቷል፤ ወደ 3ኛው ደረጃ እለፉ። የፈቃዱ ከፍ ብሎ ኤስዋይም አብሮ ከጨመረ ወይ ሎክ ላይ መጠባበቅ አለ፣ ወይ ሥራው በጣም ተቆራርሷል፤ 4ኛውና 5ኛው የእናንተ ናቸው። የፈቃዱ ከፍ ብሎ ፕሮሰሰሩ በአብዛኛው ሥራ ፈት ከሆነና ሰርቨሩም ፈጣን ከሆነ ግን አትንኩት። ኔትወርክ የሚጠብቅ ፕሮግራም ጠባዩ ነው።

3ኛ ደረጃ፦ ሠራተኛ ቀንሱ

ይህን የተማርኩት ራሴ ባጠፋሁት ነው። የአንድ ትምህርት ቤት የፈተና ውጤት ማሳያ ገጽ እኔ ነበርኩ የማስተዳድረው። ማሽኑ ባለ 4 ኮር ነበር፤ ፒኤችፒ-ኤፍፒኤም (የፒኤችፒ ገጾችን የሚያስኬደው ፕሮግራም) 120 ሠራተኛ ፕሮሰስ እንዲያስነሣ ፈቅጄለታለሁ። ውጤት በተለቀቀበት ጠዋት ወላጅና ተማሪ አንድ ላይ ገባና ገጹ መንቀርፈፍ ጀመረ። ወረፋው የበዛው ሠራተኛ ስላነሰ መሰለኝና ቁጥሩን ወደ 250 አሳደግሁት። ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። ልጆች ስልካቸውን ይዘው ነጭ ገጽ እያዩ እንደተቀመጡ ሳስብ ዛሬም ይቆጨኛል።

ቪኤምስታት ላይ አር ስድሳን አልፏል። አራት ወንበር ብቻ ባለበት ቤት ስድሳ ሰው ተራ በተራ እየተነሣ ይቀመጥ ነበር ማለት ነው። ፒድስታት የሚያሳየኝ በሙሉ ማለት ይቻላል የግድ ቅይይር ነው። ሌላ መላ ሲጠፋኝ ቁጥሩን ወደ 16 አወረድኩትና አገልግሎቱን እንደገና አስነሣሁ። አር ወዲያው ወረደ፣ ገጹም መከፈት ጀመረ። የመጣው ሰው ብዛት አልተለወጠም። የተለወጠው መጠበቂያው ነው፦ መጀመሪያ ግማሽ ሥራ ይዘው ኮር ላይ ይጋፉ የነበሩት ጥያቄዎች አሁን ሥራ ሳይጀመርላቸው በር ላይ ወረፋ ያዙ። በር ላይ የቆመ ጥያቄ ካሽ አያቆሽሽም፣ ሎክ አይዝም፣ ሜሞሪም ብዙ አይበላም።

ስንት ይሁን? ሥራው ስሌት ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ ምስል ማሳነስ ወይም ፋይል ማመቅ፣ በኮሮቹ ቁጥር ልክ ይበቃል። ጥበቃ ያለበት ከሆነ የኮሮቹን ቁጥር በ1 ሲደመር የጥበቃ ጊዜ ሲካፈል ለስሌት ጊዜ አባዙት። አንድ ጥያቄ 40 ሚሊሰከንድ ቢፈጅና ከዚያ ውስጥ 10ሩ ስሌት፣ 30ው ጥበቃ ቢሆን፣ በ4 ኮር ላይ 4 በ(1+3)፣ ማለትም 16 ሠራተኛ ነው። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ዳታቤዙ እዚያው ማሽን ላይ ከሆነ ዳታቤዝ መጠበቅ ጥበቃ አይደለም፤ ያንኑ ኮር ሌላ ፕሮሰስ እየተጠቀመበት ነው። ስለዚህ ከስሌት ቁጠሩት። በቀመሩ ጀምሩና ቁጥሩን በግማሽ እየቀነሳችሁ ለኩ። የምታስተናግዱት ጥያቄ መቀነስ የጀመረበት ላይ ስትደርሱ አንድ እርምጃ ተመለሱ።

በር ላይ ያለው ወረፋም ልክ ሊኖረው ይገባል። ፒኤችፒ-ኤፍፒኤም ላይ «ሊስን ባክሎግ» የሚለው ቅንብር ነው። ወረፋው ከሞላ ኤንጂንኤክስ (ከፊት ሆኖ ጥያቄ የሚቀበለው የድረ ገጽ ሰርቨር) ለተጠቃሚው ስሕተት፣ ብዙውን ጊዜ 502 የሚለውን፣ ይመልሳል። ለእኔ አሥር ሰከንድ ነጭ ገጽ ከማሳየት ቶሎ ስሕተት መልሶ «ጥቂት ቆይተው ይሞክሩ» የሚል ንጹሕ ገጽ ማውጣት ይሻላል። ኤንጂንኤክስ ራሱ በዚህ ረገድ አያስቸግርም፤ «ወርከር ፕሮሰስስ» የሚለውን «አውቶ» ካላችሁት በኮር አንድ ሠራተኛ ያስነሣና እያንዳንዱ ሠራተኛ ብዙ ግንኙነት አንድ ላይ ይይዛል።

ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ግን ለእያንዳንዱ ግንኙነት አንድ ፕሮሰስ ነው የሚያስነሣው። ሲጫን የሚፈቅደው 100 ግንኙነት ነው፤ ሰዎች «ግንኙነት አልቋል» የሚል ስሕተት ሲያዩ ወደ 500 ያሳድጉታል። እኔ ከጠቀስኩት ስሕተት ጋር አንድ ነው። ትክክለኛው መንገድ በፕሮግራሙና በዳታቤዙ መካከል ፒጂባውንሰር ማስቀመጥና «ትራንዛክሽን» (አንድ ላይ የሚጸድቅ የዳታቤዝ ሥራ) በሚባለው ስልት ማስኬድ ነው። በመቶ የሚቆጠሩ ግንኙነቶች ከፊት ይቀበላል፤ ወደ ኋላ የሚያሳልፈው ግን ጥቂት ነው። ለአንድ ዳታቤዝና ተጠቃሚ ሲጫን ያለው ልክ 20 ነው፤ ለትንሽ ማሽን ያም ይበዛል። በዚህ ስልት ከአንድ ትራንዛክሽን በኋላ ያው ግንኙነት ተመልሶ ስለማይደርሳችሁ በግንኙነቱ ላይ የሚቆዩ ነገሮች፣ እንደ «ሊስን» ትእዛዝና የሴሽን ቅንብር ያሉ፣ አይሠሩም። ኮዳችሁን ፈትሹና ግቡበት።

በኮንቴነር (ፕሮግራሙን ከሌሎች ለይቶ በሚያስኬድ ሣጥን) ለምትሠሩ ደግሞ፦ የ2 ኮር ገደብ የተጣለበት ኮንቴነር ባለ 32 ኮር ማሽን ላይ ሲቀመጥ አንዳንድ ፕሮግራም 32ቱን ኮር አይቶ 32 ትሬድ ያስነሣል። ጃቫ ከ10ኛው ዕትም ጀምሮ ገደቡን ያከብራል። የጎ ቋንቋ ግን ገደቡን በራሱ ማክበር የጀመረው በ2025 በወጣው 1.25 ነው። ከዚያ በታች ከሆናችሁ «ጎማክስፕሮክስ» የሚባለውን ተለዋዋጭ (ሁሉንም በትልልቁ ሆሄ) በእጃችሁ አስገቡ።

4ኛ ደረጃ፦ ሎክ ላይ የሚጋፉትን ለዩ

የፈቃዱ ቅይይር ከፍ ካለ «ኤስትሬስ» የሚባለውን መሣሪያ በ«ሰረዝ ሲ» እና «ሰረዝ ኤፍ» ፕሮሰሱ ላይ ለአምስት ሰከንድ ብቻ አያይዙት። ብቻ የምለው ፕሮግራሙን በጣም ስለሚያዘገየው ነው። ሲዘጋ በሚያወጣው ሰንጠረዥ አናት ላይ «ፉቴክስ» ካገኛችሁ ሎክ ይሆናል ብላችሁ ጠርጥሩ፤ ሥራ ፈትተው የሚጠብቁ ትሬዶችም እዚያው ላይ ስለሚቆጠሩ ኮዱን አይታችሁ አረጋግጡ። ሊነክስ ላይ የተለመደው ሎክ ማንም ካልያዘው ወደ ከርነል ሳይገባ ይወሰዳል፤ በጣም ርካሽ ነው። ወደ ፉቴክስ የሚገባው የተያዘ ሎክ ሲያጋጥመውና መተኛት ሲኖርበት ነው። ያኔ እያንዳንዱ ሎክ ቢያንስ ለመተኛት አንድ፣ ለመንቃት አንድ ቅይይር ያስከፍላል።

መፍትሔው ኮድ ውስጥ ነው። በመጀመሪያ ሎኩን ይዞ የሚሠራውን ሥራ አሳጥሩ። ሎክ ይዞ ሎግ ፋይል ላይ የሚጽፍ፣ ይባስ ብሎም ዳታቤዝ የሚጠይቅ ኮድ አይቻለሁ። የሚያስፈልገውን ዳታ ቅዱ፣ ሎኩን ልቀቁ፣ ከዚያ ጻፉ። ሁሉም የሚጋፋበት አንድ ቆጣሪ ካላችሁ ለእያንዳንዱ ትሬድ የራሱን ቆጣሪ ስጡትና ሲጠየቅ ደምሩት። የሚጠባበቁትን ስትቀሰቅሱ ደግሞ ሥራው ለአንድ ሰው ከሆነ አንዱን ብቻ ቀስቅሱ። ሃምሳ ትሬድ ቀስቅሶ አርባ ዘጠኙን ተመለሱና ተኙ ማለት መቶ ያህል ቅይይር በከንቱ ነው።

5ኛ ደረጃ፦ ሥራውን አከማችታችሁ ሥሩ

የዓሣ ጠባሿ መፍትሔ ይህ ነበር። አሁን ዓሣውን አንድ በአንድ አትፍቅም። ጠዋት አሥራ አምስቱን በአንድ ጊዜ ፍቃ፣ ከፍታ፣ ጨው ነስንሳ ሳፋ ውስጥ ታስቀምጣለች። ቢላዋ ከተነሣ ሳፋው ሳይሞላ አይቀመጥም።

በሰርቨር ላይም እንዲሁ ነው። ዳታቤዝ ውስጥ 500 መስመር በ500 ትራንዛክሽን ስታስገቡ እያንዳንዱ ማጽደቅ ዲስኩ «ጻፍኩ» እስኪል ይጠብቃል፤ እያንዳንዱ ጥበቃ ቅይይር ነው። በአንድ ትራንዛክሽን ስታስገቡ አንዴ ብቻ ትጠብቃላችሁ። ሎግ ስትጽፉ በየመስመሩ ወደ ፋይል አትግፉ፤ 64 ኪሎባይት ሲሞላ ወይም ሰከንድ ሲያልፍ ግፉ። ከወረፋ መልእክት የሚያነሣ ፕሮግራም ካላችሁ ሃምሳ ሃምሳውን ያንሣ። «አዲስ ነገር አለ?» እያለ በየሚሊሰከንዱ የሚነቃ ዙር ካላችሁ ደግሞ አጥፉትና ሊነክስ በ2002 ያገኘውን ኢፖል ተጠቀሙ፤ ነገር ሲመጣ ራሱ ይቀሰቅሳችኋል።

ማከማቸት ሁለት ዕዳ አለው። አንዱ መዘግየት ነው፦ ሃምሳው እስኪሞላ የመጀመሪያው መልእክት መጠበቅ የለበትም፤ «ሃምሳ ወይም 5 ሚሊሰከንድ፣ ቀድሞ የመጣው» የሚል ገደብ አድርጉ። ሁለተኛው መብራት ነው፤ እኛ ከተማ ይህን ረስቶ የሚሠራ ባለሙያ አይኖርም። ሜሞሪ ላይ የተከማቸ ነገር መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ፖስትግሬስ ላይ «ሲንክሮነስ ኮሚት» የሚለውን ብታጠፉ ማጽደቅ ዲስክ አይጠብቅም፤ ዳታቤዙም አይበላሽም። ግን ማሽኑ ድንገት ቢጠፋ የመጨረሻው ጥቂት መቶ ሚሊሰከንድ ትራንዛክሽን፣ በተለመደው ቅንብር እስከ 600 ሚሊሰከንድ የሚደርስ፣ ሊጠፋ ይችላል። ገጽ ማን እንደጎበኘ ለሚመዘገብበት ሠንጠረዥ አጥፉት። ገንዘብ ለሚመዘገብበት በምንም ዓይነት አታጥፉት። ይህ ቅንብር በትራንዛክሽን ደረጃ ስለሚለወጥ ሁለቱን ለይታችሁ መያዝ ትችላላችሁ።

6ኛ ደረጃ፦ ኮር መመደብ፣ ያውም በመጨረሻ

ሴትየዋ አሁን የእኅቷን ልጅ ሻይ ላይ አድርጋዋለች፤ እሱ ዓሣ አይነካም፣ እሷ ብርጭቆ አትነካም። «ታስክሴት» በሚባለው ትእዛዝ አንድን ፕሮሰስ በተወሰኑ ኮሮች ላይ ብቻ እንዲሄድ ማድረግ ይቻላል፤ ካሹ እንደሞቀ ይቆይለታል። መጀመሪያ «ፐርፍ ስታት» አስኪዳችሁ «ሲፒዩ ማይግሬሽንስ» የሚለውን ቁጥር ተመልከቱ። ከኮር ኮር መዘዋወሩ ጥቂት ከሆነ መመደቡ ምንም አይጨምርላችሁም። ብዙ ከሆነ «ኤልኤስሲፒዩ» በ«ሰረዝ ኢ» የትኞቹ ቁጥሮች የአንድ ኮር ሁለት ገጽታ እንደሆኑ ያሳያችኋል፤ ሁለት ከባድ ሥራ አንድ እውነተኛ ኮር ላይ አታጣምሩ።

ይህን ደረጃ ያዘገየሁት በምክንያት ነው። አላስፈላጊ ምደባ ብዙ ጊዜ የሚያመጣው አንዱ ኮር ሲቃጠል ሌላው ሥራ ፈት የሚሆንበትን ሁኔታ ነው። ቋሚና ከባድ ሥራ ላለው አንድ ፕሮሰስ ብቻ ተጠቀሙበት፤ የቀረውን ለስኬጁለሩ (ለትሬዶች ተራ ለሚያድለው የከርነል ክፍል) ተዉለት።

7ኛ ደረጃ፦ ስኬጁለሩን በልኩ ምከሩት

ሊነክስ ከ2007 ጀምሮ ሲኤፍኤስ በሚባለው ስኬጁለር ሲሄድ ኖሮ በ2023 በወጣው 6.6 ከርነል ኢኢቪዲኤፍ ወደሚባለው ዞሯል። ሁለቱም ብልህ ናቸው፤ የሚፈልጉት መረጃ ግን ከእናንተ ብቻ ነው የሚገኘው፦ የትኛው ሥራ አይቸኩልም? የሌሊቱ መጠባበቂያ ቅጂ፣ የሪፖርት ስሌት፣ የቪዲዮ መቀየሪያ ካላችሁ «ሲኤችአርቲ» በ«ሰረዝ ቢ 0» አስጀምሯቸው። ይህ «ባች» የሚባለው ስልት ነው፤ ከርነሉ ሥራው ስሌት ብቻ መሆኑን ያውቅና በነቃ ቁጥር ሌላውን አስነሥቶ እንዲቀመጥ አያደርገውም። «ናይስ» 19 ብትጨምሩለት ድርሻውም ያንሳል።

በ6.6ና ከዚያ በኋላ ባለው ከርነል አንድ ትሬድ በአንድ ተራ የሚቆይበት ጊዜ በ«ቤዝ ስላይስ» ይወሰናል፤ «ሩት» በሚባለው ሙሉ ሥልጣን ባለው ተጠቃሚ ገብታችሁ የከርነሉ ዲበግ ማውጫ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ብታስረዝሙት የግዱ ቅይይር ይቀንሳል፣ በምትኩ ሰው የሚጠብቀው መልስ ይዘገያል። 3ኛው ደረጃ ላይ ሠራተኛ ከቀነሳችሁ ይህን የመንካት ፍላጎትም አይኖራችሁም። «ፊፎ» የሚባለውን የሪል ታይም ስልት ደግሞ ለድረ ገጽ ሰርቨር አትሞክሩት፤ አንድ ዙር ውስጥ የተጣበቀ ትሬድ ኮሩን ይዞ ሊቀር፣ እናንተም በርቀት መግባት ሊያቅታችሁ ይችላል።

ኢንተራፕት ላይ ብዙ አልቆይም። «አይኤን» ከ«ሲኤስ» ጋር አብሮ የሚወጣ ከሆነ በኔትወርክ ካርዱ በኩል እየመጣ ነው። «ኢትቱል» በ«ሰረዝ ትንሹ ሲ» ካርዱ ስንት ማይክሮሰከንድ አከማችቶ እንደሚቀሰቅስ ያሳያል፤ በ«ሰረዝ ትልቁ ሲ» መለወጥ ይቻላል። ቨርቹዋል ማሽን ላይ ግን ብዙ ጊዜ አይፈቀድላችሁም።

8ኛ ደረጃ፦ ተሳክቶ እንደሆነ በምን ታውቃላችሁ?

ሲኤስ መውረዱ ብቻ ማስረጃ አይደለም። ተጠቃሚ ሲቀንስም ይወርዳል። 1ኛው ደረጃ ላይ የጻፋችሁትን የጥያቄ ቁጥር አሁን አውጡና ቅይይሩን ለጥያቄው አካፍሉት፦ ለአንድ ጥያቄ ስንት ቅይይር ተደረገ? የምትከታተሉት ይህ ቁጥር ነው። ከጎኑ በጣም የዘገዩትን መልሶች ጊዜ፣ ማለትም ከመቶ ጥያቄ የመጨረሻዋ አንዷ ስንት እንደፈጀች፣ ጻፉ። አማካዩ ጥሩ ሆኖ የመጨረሻዋ ተማሪ ስምንት ሰከንድ የምትጠብቅ ከሆነ አልተሳካም።

ጫናውን ከሌላ ማሽን ፍጠሩ። ጫና ፈጣሪውን እዚያው ሰርቨር ላይ ካስኬዳችሁት ኮሩን ራሱ ይሻማና ውጤቱን ያበላሻል። አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ ለኩ፣ ጻፉ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከለወጣችሁ አንዱ ጠቅሞ ሌላው ጎድቶ ዜሮ ሆኖ ሊታያችሁ ይችላል።

ቅይይሩ የአንድ ኮር 1 ወይም 2 በመቶ ላይ ሲደርስ አቁሙ። ከዚያ በኋላ ያለው ዝግታ ከቀርፋፋ የዳታቤዝ ጥያቄ ወይም ኢንዴክስ ከሌለው ሠንጠረዥ የመጣ ነው፤ እዚያ ሂዱ።

ከመነሣታችሁ በፊት ደግሞ ያደረጋችሁት ሁሉ ማሽኑ ሲነሣ በራሱ የሚመለስ መሆኑን አረጋግጡ። በታስክሴትና በሲኤችአርቲ ያደረጋችሁት ፕሮሰሱ ሲዘጋ ይጠፋል፤ ቤዝ ስላይስ ማሽኑ ሲጠፋ ወደነበረበት ይመለሳል። ሲስተምዲ (አገልግሎቶችን የሚያስነሣው ፕሮግራም) ላይ በአገልግሎቱ ፋይል ውስጥ «ሲፒዩ አፊኒቲ»፣ «ናይስ» እና «ሲፒዩ ስኬጁሊንግ ፖሊሲ» የሚሉ መስመሮች አሉ፤ እዚያ ጻፏቸው። ከዚያ ሰው በሌለበት ሰዓት ማሽኑን አጥፍታችሁ አብሩት፣ «ቪኤምስታት 1» በሉና የመጀመሪያውን መስመር ዝለሉት።